ቱርቦ ያለው መኪና ጭስ ማውጫ፦ ከፊት ጠባብ፣ ከኋላ ሰፊ የሚሆነው ለምንድን ነው?

"ማርሚታውን አውጥቼ ሰፋ ያለ ቱቦ ባስገባ መኪናዬ ጉልበት ይጨምራል?" መኪና የሚወዱ ሰዎች በተሰበሰቡበት ሁሉ ይህ ጥያቄ አይጠፋም። መልስ ሰጪዎቹ ብዙውን ጊዜ ሁለት ጎራ ይይዛሉ። አንዱ "ቱቦ በሰፋ ቁጥር ጥሩ ነው" ይላል። ሌላው "የለም፣ ሞተር ትንሽ የጀርባ ግፊት (ጭሱ ሲወጣ የሚገጥመው እገዳ) ካላገኘ ይሰንፋል" ብሎ ይሟገታል። ቱርቦ ላለው መኪና ግን ሁለቱም መልሶች ጎዶሎ ናቸው።

የቱርቦ መኪና ጭስ ማውጫ ከውጭ ሲያዩት አንድ ረጅም ቱቦ ይመስላል። በሥራው ግን ሁለት ነው። መሃል ላይ ቱርቦው ተቀምጧል። ከቱርቦው በፊት ያለው ክፍል አንድ ሥራ አለው፣ ከቱርቦው በኋላ ያለው ደግሞ ተቃራኒውን ይሠራል። ለአንዱ የሚበጀው ለሌላው አይበጅም። ክርክሩ የማያልቀውም ተከራካሪዎቹ የትኛውን ክፍል እያሰቡ እንደሚያወሩ ስለማይነጋገሩ ይመስለኛል።

ለመሆኑ ቱርቦ ምን ያደርጋል?

ሞተር ጉልበት የሚያገኘው ነዳጅን ከአየር ጋር አቃጥሎ ነው። ነዳጅ መጨመር ቀላል ነው። የሚያስቸግረው አየሩ ነው። ነዳጁ የሚቃጠልበት ክፍል፣ ሲሊንደሩ፣ በአንድ ጊዜ መሳብ የሚችለው በልኩ ብቻ ነውና። ቱርቦ አየሩን ጨምቆ በማስገባት ይህን ገደብ ያልፋል።

አሠራሩ እንዲህ ነው። በአንድ ዘንግ ግራና ቀኝ ጫፍ ላይ ሁለት ትንንሽ መዘውሮች አሉ። አንደኛው ተርባይን ይባላል። ከሞተሩ የሚወጣው ትኩስ ጭስ እየመታ ያሽከረክረዋል። ሁለተኛው ኮምፕሬሰር ነው። ዘንጉ ሲዞር አብሮ ይዞርና ንጹህ አየር ስቦ ወደ ሞተሩ ይገፋል። ዘንጉ በደቂቃ ከ100,000 ጊዜ በላይ ይዞራል። ትንንሾቹ ቱርቦዎች 200,000ንም ያልፋሉ።

አንጥረኛ እሳቱን ለማጋጋል ወናፍ ይነፋል። ወናፉን የሚነፋው ሰው ሳይሆን ከዚያው እሳት የሚወጣው ጭስ ቢሆንስ? ቱርቦ ማለት ይኸው ነው።

ሐሳቡ የቆየ ነው። የስዊዘርላንዱ መሐንዲስ አልፍሬድ ቡሂ የፈጠራ መብቱን ያስመዘገበው እ.ኤ.አ. በ1905 ነበር። ቱርቦ የተገጠመላቸው የቤት መኪኖች ለገበያ የቀረቡት ግን ከብዙ ዓመታት በኋላ፣ በ1962 ነው። አሜሪካ ውስጥ የተሠሩት ኦልድስሞቢል ጄትፋየርና ሼቭሮሌት ኮርቬር ሞንዛ ናቸው። ቡሂን ያነሳሳው ነገር ዛሬም አልተለወጠም። ቤንዚን ሲቃጠል ከሚገኘው ኃይል ሲሶ ያህሉ ሥራ ሳይሠራ በጭስ ማውጫው በኩል ውጭ ይወጣል። ከዚያ ላይ ጥቂቱን መልሶ መያዝ ነው ቁም ነገሩ።

ጭሱ ተርባይኑን የሚያሽከረክረው በምንድን ነው?

የውኃ ወፍጮ አስቡ። ውኃው ከላይ በጠባብ ቦይ ይወርዳል። ቦዩ ጠባብ የሆነው ውኃው ኃይሉን እንደያዘ መዘውሩ ላይ እንዲደርስ ነው። ቦዩ ከሰፋ ውኃው ይዘረጋል፣ ይዘገያል፣ መዘውሩንም ዳሰስ አድርጎት ያልፋል። ውኃው መዘውሩን ከመታ በኋላስ? ያኔ ሥራው አልቋል፣ ቶሎ ዞር ማለት አለበት። መውጫው ጠቦ ከሥር ከተጠራቀመ መዘውሩ የቆመ ውኃ እየቀዘፈ ይዳከማል።

የቱርቦ ጭስ ማውጫም ይህንኑ ይፈልጋል። ከተርባይኑ በፊት ጭሱ ሙቀቱንና ፍጥነቱን ሳያጣ ይምጣ። ከተርባይኑ በኋላ ምንም ሳያግደው ይሂድ።

በቁጥር እንየው። ተርባይኑ የሚያገኘው ጉልበት ከፊቱ ያለው ግፊት ከኋላው ካለው ስንት እጥፍ እንደሆነ በእጅጉ ይወሰናል። ለምሳሌ ከፊቱ 2.4 ባር፣ ከኋላው 1.2 ባር ግፊት አለ እንበል። እጥፉ 2 ነው። የኋላውን ቱቦ አስፍተን ግፊቱን ወደ 1.1 ብናወርደው እጥፉ 2.18 ይሆናል። ከፊት ምንም ሳንነካ ተርባይኑ ተጨማሪ ጉልበት አገኘ ማለት ነው። ስለዚህ "ሞተር የጀርባ ግፊት ይፈልጋል" የሚለው አባባል ከተርባይኑ በኋላ ላለው ቱቦ ፈጽሞ አይሠራም። እዚያ ግፊት ባነሰ ቁጥር ይሻላል።

እንዲያውም አባባሉ ቱርቦ ለሌለው ሞተርም ቢሆን በትክክል የተነገረ አይደለም። ሞተር የሚፈልገው የጭሱን ፍጥነት ነው። በጣም የሰፋ ቱቦ ፍጥነቱን ስለሚገድል ጉልበት ይቀንሳል። ይህን ያዩ ሰዎች "ግፊት ስለጎደለ ነው" አሉ፤ አባባሉም ከአፍ ወደ አፍ ሲተላለፍ ኖረ።

ማኒፎልድ ላይ ይህ ሁሉ ድካም ለምን?

ማኒፎልድ ከቴስታታው (ሲሊንደሮቹን ከላይ ከሚከድነው የሞተሩ ራስ) ላይ የሚታሰረው፣ ከየሲሊንደሩ የሚወጣውን ጭስ ሰብስቦ ለቱርቦው የሚያስረክበው ክፍል ነው። በወፍጮው ምሳሌ ቦዩ እሱ ነው። ንድፍ አውጪውን እንቅልፍ የሚነሳውም እሱ ነው።

ጭሱ እንደ ቧንቧ ውኃ ሳይቋረጥ አይፈስም። አንድ ሲሊንደር የጭስ ቫልቩን ሲከፍት አንድ ኃይለኛ ምት ይወጣል። ቀጥሎ ሌላው ይለቃል። ተርባይኑን የሚደርሰው እንደ ከበሮ ምት እየተከታተለ የሚመጣ ግፊት ነው። ጥሩ ማኒፎልድ እነዚህ ምቶች እርስ በርስ ሳይጋጩና ሳይለዝቡ እንዲደርሱ ያደርጋል።

ቀላሉ ንድፍ አንድ ወፍራም ቱቦ በሲሊንደሮቹ ፊት አግድም አጋድሞ አራቱንም መውጫ እዚያው ላይ መቀጠል ነው። አጭር ነው፣ ጠንካራ ነው፣ ቦታ አይፈጅም። ጭሱም ሳይቀዘቅዝ ስለሚደርስ ቱርቦው ቶሎ ይነሳል። ችግሩ ምቶቹ ቱቦው ውስጥ ይላተማሉ። የአንዱ ሲሊንደር ጭስ ለመውጣት ሲሞክር የጎረቤቱ ምት መልሶ ይገፋዋል።

ሌላው ንድፍ ለእያንዳንዱ ሲሊንደር የራሱን ቱቦ ይሰጣል። የአራቱ ርዝመት እኩል ይደረግና መጨረሻ ላይ በአንድ መሰብሰቢያ ይገናኛሉ። ምቶቹ ተራ ጠብቀው፣ በእኩል ጊዜ ልዩነት ይደርሳሉ። ከፍ ባለ የሞተር ዙር ላይ ጉልበቱ ጥሩ ነው። ግን ቱቦዎቹ ረጅም ናቸው። ረጅም ቱቦ ሙቀት ይበትናል፤ ውስጡም ብዙ ጭስ ካልሞላ ግፊቱ ቶሎ አይነሳም። ነዳጅ ረግጦ ቱርቦው እስኪነሳ መጠበቅ የሚሰለቸው ሰው ይህን ማኒፎልድ ላይወደው ይችላል።

የቱቦው ውፍረትም ያሳስታል። ብዙ ጀማሪ በያጅ "ትንሽ ሰፋ ላድርገው" ይላል። ማኒፎልድ ላይ ይህ ስህተት ነው። ቱቦው ከቴስታታው መውጫ ቀዳዳ ብዙ ከሰፋ ጭሱ ገና ሲወጣ ይዘረጋል፣ ምቱም ይሞታል። ከመውጫው ቀዳዳ ጋር ተቀራራቢ የሆነ ቱቦ ብዙውን ጊዜ አያሳፍርም።

ሁለት መግቢያ ያለው ቱርቦ ሲባልስ?

በአራት ሲሊንደር ሞተሮች የተለመደው የማቃጠያ ቅደም ተከተል 1፣ 3፣ 4፣ 2 ነው። ሲሊንደር 3 ጭሱን በኃይል ሲለቅ ሲሊንደር 1 ገና ማስወጣቱን አልጨረሰም፤ ቫልቩ እንደተከፈተ ነው። ሁለቱ አንድ ቱቦ የሚጋሩ ከሆነ የ3 ምት የ1ን ጭስ ወደ መጣበት ይመልሰዋል። ሲሊንደሩ ውስጥ የቀረው አሮጌ ጭስ ደግሞ የአዲሱን አየር ቦታ ይይዛል፣ ሙቀትም ይጨምራል።

መፍትሔው በቅደም ተከተሉ የማይጎራበቱትን ማጣመር ነው። 1 እና 4 በአንድ በኩል፣ 2 እና 3 በሌላ በኩል ይሰበሰባሉ። ቱርቦውም ሁለት የተለያዩ መግቢያዎች ይኖሩታል። ሁለቱ መስመሮች እስከ ተርባይኑ ድረስ ሳይገናኙ ይሄዳሉ። ማኒፎልዱ ላይ ይህን ሠርቶ መግቢያው አንድ ብቻ የሆነ ቱርቦ መግጠም ግን ጥቅሙን ያፈርሰዋል፤ የለያዩትን መልሶ መደባለቅ ነውና።

ማኒፎልድ ለምን ይሰነጠቃል?

በሙቀት ነው። የቤንዚን ሞተር በሙሉ ጉልበት ሲሠራ ተርባይኑ ጋ የሚደርሰው ጭስ 900 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢና ከዚያም በላይ ይሞቃል። ብረቱ ደም ይመስላል። ብረት ሲሞቅ ደግሞ ይረዝማል።

ምን ያህል? ግማሽ ሜትር የሚሆን የተለመደ ስቴንለስ (የማይዝግ ብረት) ቱቦ ሙቀቱ በ800 ዲግሪ ሲጨምር ወደ 7 ሚሊሜትር ይረዝማል። 7 ሚሊሜትር ትንሽ ይመስላል። አንድ ጫፉ በቴስታታው ላይ፣ ሌላው ጫፉ በቱርቦው ላይ ጥርቅም ተደርጎ ለታሰረ ቱቦ ግን መሄጃ የሌለው 7 ሚሊሜትር ነው። ይጣመማል። ሲቀዘቅዝ ይመለሳል። ይህ በየቀኑ ሲደጋገም ደካማው ቦታ ይሰነጠቃል። ደካማው ቦታ ደግሞ ብዙውን ጊዜ የብየዳው ጠርዝ ነው።

ስለዚህ ጥሩ ንድፍ ለብረቱ መላወሻ ይተውለታል። ቱቦዎቹን ማጠፍ በራሱ ይረዳል፤ የታጠፈ ቱቦ ሲረዝም ወገቡን ያወጣል እንጂ ፍላንጁን (ጫፉ ላይ ያለውን በብሎን የሚታሰር ጠፍጣፋ ብረት) አይገፋም። አንዱ ቱቦ ሌላው ውስጥ እየተንሸራተተ የሚገባበት መጋጠሚያም አለ። ቴስታታው ላይ የሚታሰረውን ረጅም ፍላንጅ በሲሊንደሮቹ መሃል መቁረጥም የተለመደ ነው። የቱርቦው ክብደት ደግሞ በቱቦዎቹ ላይ ብቻ እንዳይንጠለጠል ከሞተሩ ጋር የሚያያዝ ድጋፍ ያስፈልገዋል። ይህን ድጋፍ መርሳት በጣም የተለመደ ነው፤ ውጤቱም እንዲሁ።

የብረቱ ዓይነትም ልዩነት አለው። 304 የሚባለው ስቴንለስ በብዛት ይገኛል፣ ለመበየድም ይመቻል። ግን ከ425 እስከ 850 ዲግሪ ባለው ሙቀት ውስጥ ብዙ ሲቆይ በውስጡ ያለው ካርቦን ክሮሚየሙን ይይዘዋል። ዝገት የሚከላከለው ክሮሚየሙ ስለሆነ ብረቱ ከውስጥ ይዳከማል። 321 የሚባለው ስቴንለስ ታይታኒየም ተጨምሮበታል። ካርቦኑን ታይታኒየሙ ቀድሞ ስለሚይዘው ክሮሚየሙ ይተርፋል። ለማኒፎልድ የሚመረጠው ለዚህ ነው፤ ዋጋውም ከፍ ይላል። ሙሉ በሙሉ ከታይታኒየም የሚሠሩ ቱቦዎች ደግሞ ከስቴንለስ በግማሽ ገደማ ይቀላሉ፤ በከፍተኛ ሙቀት ግን ጥንካሬያቸው ስለሚወርድ ቦታቸው ከቱርቦው ኋላ ነው።

በነገራችን ላይ ከፋብሪካ የሚመጣውን ከባድ፣ ብረት ቀልጦ በቅርጽ ውስጥ ፈስሶ የተሠራ ማኒፎልድ መናቅ ደግ አይደለም። መልኩ አያምርም። ግን ወፍራም ነው፣ ድምፅ ያፍናል፣ ብዙ ዓመት ያገለግላል። በእጅ የተበየደ የሚያብረቀርቅ ማኒፎልድ ያን ያህል ዕድሜ ካገኘ በያጁ ምስጋና ይገባዋል።

አንዳንድ መኪኖች ላይ ደግሞ ጥያቄው ከነጭራሹ አይነሳም። ፎልክስዋገን የሦስተኛው ትውልድ ኢኤ888 ሞተሩን፣ ፎርድ ደግሞ ባለ 1.0 ሊትሩን ኢኮቡስት የሠሯቸው ማኒፎልዱን ከቴስታታው ጋር አንድ አድርገው ነው። ፈትቶ የሚቀየር ነገር የለም። እነዚህ መኪኖች ላይ የሚሠራ ሰው የሚጀምረው ከቱርቦው ኋላ ነው።

ከቱርቦው ኋላ ያለውስ?

ከተርባይኑ ቀጥሎ የሚመጣው ቱቦ ዳውንፓይፕ ይባላል። ከሞተሩ ክፍል ወርዶ ወደ መኪናው ሆድ የሚያመራው እሱ ነው። ትርፉ በግልጽ የሚታየው እዚህ ነው። በ900 ዲግሪ ያለ ጭስ በ20 ዲግሪ ካለው ጋር ሲነጻጸር 4 እጥፍ ያህል ቦታ ይፈልጋል። ሞተሩ ትንሽ ሆኖ ቱቦው ትልቅ የሚሆነው ለዚህ ነው። ከ2.5 ኢንች ወደ 3 ኢንች መሄድ የግማሽ ኢንች ነገር ይመስላል፤ የመተላለፊያው ስፋት ግን በ44 በመቶ ይጨምራል።

ይሁን እንጂ ስፋት ብቻውን አይበቃም። የታጠፈበት ቦታ ውስጡ ከተጨማደደ 3 ኢንቹ በስም ብቻ ይቀራል። ደህና ሠሪ ሲታጠፍ ውስጡ በድጋፍ የተያዘና ክብነቱን ያልለቀቀ ቱቦ ይጠቀማል። ሞተር ሲነሳና ሲጫን ይወዛወዛል፣ ጭስ ማውጫው ግን ከመኪናው ሆድ ጋር ታስሯል። በመካከላቸው ተጣጣፊ ክፍል ካልገባ አንዱ ቦታ መሰበሩ አይቀርም። በጭሱ ውስጥ ያለውን ኦክስጅን የሚለካው ሴንሰር መግቢያም ከቱቦው በላይኛው ግማሽ ይሆናል። ከታች ከሆነ ጠዋት ቱቦው ውስጥ የሚጠራቀመው ውኃ ትኩሱን ሴንሰር ይሰነጥቀዋል።

ዌስትጌት የሚባለው ምንድን ነው?

ወፍጮው ላይ ውኃ ሲበዛ ወደ ጎን የሚለቁበት በር አለ። ቱርቦም እንደዚያው። ግፊቱ ከሚፈለገው ሲያልፍ ዌስትጌት የሚባለው በር ይከፈትና ትርፉ ጭስ ተርባይኑን ሳይነካ በጎን ያልፋል። አንዳንዱ ከቱርቦው ጋር አብሮ የተሠራ ነው። ሌላው ለብቻው ሆኖ ማኒፎልዱ ላይ ይበየዳል።

ለብቻው ሲሆን አቀማመጡ ወሳኝ ነው። ጭሱ በሚሄድበት አቅጣጫ ገደድ ብሎ መነሳት አለበት። ቀጥ ብሎ ወደ ጎን ወይም ወደ ኋላ ዞሮ ከተበየደ ጭሱ አልፎት ይሄዳል። ያኔ በሩ ሙሉ በሙሉ ተከፍቶም ግፊቱ መጨመሩን አይተውም። ዳውንፓይፕ ብቻ በተቀየረበት መኪና ላይም ይህ ሊከሰት ይችላል፤ መውጫው ሲቀልል ተርባይኑ ጉልበት ያገኛል፣ የድሮዋ ትንሽ በር ግን ትርፉን መልቀቅ ያቅታታል።

ግፊቱ ካልተገታ አየሩ ይበዛል። የሞተሩ ኮምፒውተር ያን ሁሉ አየር ካልጠበቀ ነዳጁ አይመጥንም ወይም እሳቱ በጊዜው አይሰጥም። ነዳጁ ያለጊዜው እየተቀጣጠለ ሞተሩ ማንኳኳት ይጀምራል። ከዚያ ቀጥሎ የሚቀልጠው ፒስተን ነው። ብዙ አዳዲስ መኪኖች አደጋውን ሲያዩ ራሳቸው ጉልበት ይቀንሳሉ። ዳውንፓይፕ አስገጥሞ "ምንም ለውጥ የለም" የሚል ሰው ብዙ ጊዜ የገጠመው ይህ ነው። ቧንቧውና የኮምፒውተሩ ፕሮግራም አብረው ካልተስተካከሉ ሥራው ግማሽ ነው።

ካታሊቲክ ኮንቨርተሩን ማውጣትስ?

ካታሊቲክ ኮንቨርተር እንደ ማር እንጀራ የተቀዳደደ፣ በፕላቲነም፣ በፓላዲየምና በሮዲየም የተለበጠ ማጣሪያ ነው። ካርቦን ሞኖክሳይድን፣ ያልተቃጠለ ነዳጅንና የናይትሮጅን ኦክሳይዶችን ጉዳታቸው ወደሚቀንስ ጋዝ ይለውጣል። ጭሱን በመጠኑ ማገዱም እውነት ነው። ስለዚህ አውጥተው የሚጥሉት አሉ።

በብዙ አገሮች በሕዝብ መንገድ ለሚሄድ መኪና ይህ ሕገወጥ ነው። ሕጉን ትተን ሥራውን ብቻ ብናየው እንኳ ማውጣቱ የሚገባውን ያህል ትርፍ አይሰጥም። የፋብሪካዎቹ በአንድ ካሬ ኢንች 400 እና ከዚያ በላይ ቀዳዳ አላቸው። 200 ቀዳዳ ያለው፣ ሰፋ ያለ ኮንቨርተር ቢተካ እገዳው በእጅጉ ይቀንሳል፣ ጭሱም እየጸዳ ይሄዳል። ከሚያቃጥል ሽታና ከሚበራ ማስጠንቀቂያ ጋር ከመኖር ይህኛው ይሻላል ባይ ነኝ።

ሥራው ከምን ተጀምሮ በምን ያልቃል?

ከልክ ይጀመራል። ቱርቦው የት ይቀመጣል? ኮፈኑ ይዘጋል? መሪው፣ የዘይት ቱቦው፣ ሽቦው ሁሉ ከሙቀቱ ይርቃል? ትልልቅ ወርክሾፖች የሞተሩን ክፍል በስካነር አንስተው በኮምፒውተር ይነድፋሉ፣ የጭሱን ፍሰትም እዚያው ይፈትሻሉ። ቀለል ባለው መንገድ የሚሠሩት እየተገጣጠሙ የሚቀጠሉ የፕላስቲክ ቁርጥራጮችን በቱቦው ቦታ ሰክተው መንገዱን ያገኛሉ። ከዚያ ቱቦው ይቆረጣል። ሁለቱ ጠርዞች ብርሃን እስከማያሳልፉ ድረስ መገጣጠም አለባቸው፤ ክፍተትን በብየዳ መሙላት ስንጥቅን መጋበዝ ነው።

መጀመሪያ በነጠብጣብ ብየዳ ብቻ ይያዝና መኪናው ላይ ይሞከራል። ሙሉ ብየዳው የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ለስቴንለስ የአርጎን ብየዳ ይመረጣል። ብየዳውን ከአየር የሚከላከለው የአርጎን ጋዝ ታዲያ ከውጭ ብቻ አይበቃም፣ ቱቦው ውስጥም መሞላት አለበት። ካልሆነ የብየዳው ጀርባ አየር ያገኘዋል፣ እንደ ተቃጠለ ስኳር ይጠቁርና ይሻክራል። ያ ሻካራ ነገር ጭሱን ያግዳል፣ ለስንጥቅም በር ይከፍታል። ቢላቀቅ ደግሞ በቀጥታ የሚሄደው በደቂቃ 100,000 ጊዜ ወደሚዞረው ተርባይን ነው።

ብየዳ ፍላንጁን ያጣምማል። 10 ወይም 12 ሚሊሜትር ውፍረት ያለው ፍላንጅ እንኳ ይጣመማል። ስለዚህ ሲበየድ ከወፍራም ብረት ጋር ታስሮ ይያዛል፣ ካለቀም በኋላ ፊቱ በማሽን ይላጋል። ይህን የዘለለ ሰው ጓርኒሲዮን (በመጋጠሚያው መሃል የሚገባውን ማሸጊያ) ሲቀያይር ይኖራል።

ከመገጠሙ በፊት ጫፎቹ ተደፍነው አየር ይሞላና በሳሙና ውኃ ይፈተሻል። አረፋ የወጣበት ቦታ ተመልሶ ይበየዳል። ከተገጠመ በኋላ ደግሞ ሞተሩ ጥቂት ጊዜ ሞቆ ሲቀዘቅዝ ብሎኖቹ ይላላሉ። ሲቀዘቅዝ እንደገና ማጥበቅ ነው። ከጥቂት ሳምንት በኋላም ፋኖስ ይዞ ብየዳዎቹን አንድ በአንድ ማየት፤ ጭስ የሚያመልጥበት ስንጥቅ ጥቁር የጥላሸት መስመር ጥሎ ይገኛል።